የመድን ካርድና የስፔሻሊስት ደጅ፦ በዱባይ የሚኖሩ የውጭ ዜጎች የልዩ ሕክምና ተደራሽነት

መግቢያ

ዱባይ በሐኪም እጥረት የምትታማ ከተማ አይደለችም። የራሺድ ሆስፒታል የድንገተኛ አደጋ ሕክምና፣ የላጢፋ ሆስፒታል የእናቶችና የሕፃናት አገልግሎት፣ እ.ኤ.አ. በ2002 የተመሠረተው የዱባይ ኸልዝኬር ሲቲ የሕክምና መንደር እንዲሁም በየሰፈሩ የሚገኙት የግል ሆስፒታሎች የልብ፣ የአጥንት፣ የኩላሊት፣ የማሕፀንና የካንሰር ስፔሻሊስቶችን በአንድ ከተማ አሰባስበዋል። ከእነዚህ ሐኪሞች አብዛኞቹ ራሳቸው ከሕንድ፣ ከፓኪስታን፣ ከግብፅ፣ ከሶርያና ከአውሮፓ አገሮች የመጡ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ከ3.6 ሚሊዮን ካለፈው የከተማዋ ሕዝብም ከዐሥር ዘጠኝ እጅ ያህሉ የውጭ ዜጋ ነው። ስለዚህ በዱባይ የውጭ ዜጎች ሕክምና የጥቂት እንግዶች ጉዳይ ሳይሆን የጤና ሥርዓቱ ዋነኛ ተግባር ነው።

ይሁን እንጂ በአንድ ቤት የሚኖሩ ሁለት የውጭ ዜጎች ወደ አንድ ስፔሻሊስት የሚደርሱበት መንገድ እጅግ ሊለያይ ይችላል። የቤቱ አባወራ የሆነ መሐንዲስ ወገቡን ቢያመው በስልኩ ቀጠሮ ይዞ በቀጥታ የአጥንት ሐኪም ዘንድ ይቀርባል። በዚያው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ኢትዮጵያዊት ተመሳሳይ ሕመም ቢሰማት ግን በመጀመሪያ ለአሠሪዋ መናገር፣ ከቤት መውጫ ሰዓት ማግኘት፣ መድኗ የሚሠራበትን ክሊኒክ ማወቅ፣ ጠቅላላ ሐኪም ማየት፣ የሪፈራል ውሳኔ መጠበቅ፣ ለምርመራውም የመድን ድርጅቱን ቅድመ ፈቃድ ማግኘት ይኖርባታል። ሁለቱም ሕጋዊ ነዋሪዎች ናቸው፤ ሁለቱም የጤና መድን አላቸው።

ይህ ጽሑፍ ልዩነቱ ከየት እንደሚመነጭ ለማብራራት ይሞክራል። ዋና ነጥቡም መድን መግባትና ሕክምና ማግኘት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው ነው። የዱባይ ሕግ የመጀመሪያውን በሰፊው አዳርሷል፤ ሁለተኛው ግን፣ በተለይ ዝቅተኛ ደመወዝ ለሚያገኙ ሠራተኞች፣ ከሕክምና ውጭ በሆኑ ግንኙነቶች ላይ የተንጠለጠለ ሆኖ ቀጥሏል። ይህ በተለይ የሚታየው የአንድ ቀን ጉብኝት በማይበቃው፣ ተከታታይ ምርመራና ክትትል በሚጠይቀው የስፔሻሊስት ሕክምና ላይ ነው።

“የውጭ ዜጋ” የሚለው መጠሪያ የሚሸፍነው

በእንግሊዝኛ አነጋገር “ኤክስፓት” የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ለባለሙያው፣ ለሥራ አስኪያጁና ለቤተሰቦቻቸው ነው፤ የግንባታ ሠራተኛው ወይም የቤት ሠራተኛዋ “ስደተኛ ሠራተኛ” ይባላሉ። በአረብኛ የተለመደው “ዋፊድ” የሚለው ቃል ከሌላ አገር የመጣውን ሁሉ ያጠቃልላል። የነዋሪነት ሥርዓቱም ቢሆን መሠረቱ ለአብዛኞቹ አንድ ነው፤ ነዋሪው በአገሩ የሚቆየው አሠሪው ወይም የቤተሰቡ ኃላፊ ስፖንሰር ሆኖለት ነው። ኢትዮጵያውያን ሠራተኞች “ከፊል” የሚሉት ይህንኑ ስፖንሰር ነው።

በጤና መድን አሠራር ውስጥ ግን መለያ መስመሩ ሕጋዊ አቋም ሳይሆን ደመወዝ ይሆናል። በወር እስከ 4,000 ድርሃም የሚያገኙ ሠራተኞች የዝቅተኛ ደመወዝ ክፍል ተብለው ይመደባሉ፤ ለእነርሱም የተዘጋጀ መሠረታዊ የመድን ዕቅድ አለ። ከዚያ በላይ የሚያገኙት አሠሪያቸው በሚገዛላቸው ሰፊ ዕቅድ ሊጠቀሙ ይችላሉ። በእነዚህ ዕቅዶች ብዙዎቹ ታካሚው ያለ ጠቅላላ ሐኪም ሪፈራል ስፔሻሊስት እንዲመርጥ ይፈቅዳሉ። ስለ “ዱባይ የውጭ ዜጎች ሕክምና” በጥቅሉ የሚሰጥ መግለጫ ሁሉ ይህን መስመር ካላሳየ የሁለቱን ወገን እውነታ አማክሎ የማንንም ሕይወት የማይገልጽ ሥዕል ያቀርባል።

የግዴታ መድን አመጣጥ

በተባበሩት አረብ ኤምሬቶች የግዴታ የጤና መድንን ቀድማ የደነገገችው አቡዳቢ ናት፤ ሕጉም እ.ኤ.አ. የ2005 ሕግ ቁጥር 23 ነው። ዱባይ እ.ኤ.አ. በ2007 የጤና ባለሥልጣኗን አቋቋመች፤ የራሷን የጤና መድን ሕግ ደግሞ በ2013 በሕግ ቁጥር 11 አወጣች። አፈጻጸሙ በደረጃ ተከፋፈለ። ከ1,000 በላይ ሠራተኞች ያሏቸው ድርጅቶች እስከ ጥቅምት 2014 መጨረሻ፣ ከ100 እስከ 999 ያሏቸው እስከ ሐምሌ 2015 መጨረሻ፣ ከዚያ ያነሱት ደግሞ እስከ ሰኔ 2016 መጨረሻ (ወራቱም ዓመታቱም እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው) ሠራተኞቻቸውን መድን እንዲያስገቡ ታዘዙ። የትዳር ጓደኞች፣ ልጆችና የቤት ሠራተኞች በመጨረሻው ምዕራፍ ተካተቱ፤ የእነርሱ የጊዜ ገደብም ተራዝሞ እስከ 2017 መጀመሪያ ወራት ዘለቀ።

የሕጉ ማዕከላዊ ድንጋጌ የመድኑን ዓረቦን አሠሪው እንዲከፍል፣ ከሠራተኛውም ደመወዝ እንዳይቆርጥ ማስገደዱ ነው። የቤት ሠራተኛን በተመለከተ ከፋዩ ስፖንሰሩ ነው። የመኖሪያ ፈቃድ መስጠትና ማደስም ከመድኑ መኖር ጋር ተያያዘ። ይህ ትልቅ ለውጥ ነበር። ቀደም ሲል በራሱ ኪስ ወይም በአሠሪው በጎ ፈቃድ ይታከም የነበረ ሠራተኛ በስሙ የተመዘገበ መድን እንዲኖረው አድርጓል።

እዚህ ላይ መታየት ያለበት አንድ የቦታ ጉዳይ አለ። በዱባይ የሚሠሩ ብዙ ሰዎች የሚኖሩት የቤት ኪራይ በሚቀንስባት በጎረቤቷ ሻርጃ ነው። ግዴታው የሚወሰነው ግን የመኖሪያ ፈቃዱን በሰጠው ኤምሬት እንጂ ሰውየው በሚያድርበት ቤት አይደለም። ስለዚህ በአንድ ሕንፃ የሚኖሩ ጎረቤታሞች ለረጅም ዓመታት አንደኛው በግዴታ መድን የተያዘ፣ ሌላኛው ያልተያዘ ሊሆኑ ይችሉ ነበር። ከጥር 1 ቀን 2025 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሻርጃን ጨምሮ በቀሩት አምስት ኤምሬቶች ለግል ድርጅት ሠራተኞችና ለቤት ሠራተኞች መነሻው በዓመት 320 ድርሃም የሆነ መሠረታዊ መድን ግዴታ ሆኗል። ሽፋኑ ተስፋፋ፤ መሠረታዊውና ሰፊው ዕቅድ የሚከፍቱት በር ግን አሁንም የተለያየ ነው።

የመሠረታዊው ዕቅድ አሠራር

ለዝቅተኛ ደመወዝተኞች የተዘጋጀው የዱባይ መሠረታዊ ዕቅድ በወጣባቸው የመጀመሪያ ዓመታት ዓረቦኑ በዓመት ከ550 እስከ 700 ድርሃም ነበር፤ የሽፋኑ ዓመታዊ ጣሪያ ደግሞ 150,000 ድርሃም። ከዓረቦኑ አነስተኛነት አንጻር ጣሪያው ትንሽ የሚባል አይደለም፤ የድንገተኛ ቀዶ ሕክምናንና የሆስፒታል ቆይታን ለመሸፈን የሚበቃበት ጊዜ ብዙ ነው። ዕቅዱ የወሊድ አገልግሎትንም ያካትታል፤ ለመደበኛ ወሊድ እስከ 7,000፣ በቀዶ ሕክምና ለሚደረግ ወሊድ እስከ 10,000 ድርሃም። የጡት፣ የአንጀትና የማሕፀን በር ካንሰር ለተገኘባቸው የዚህ ዕቅድ ተጠቃሚዎች ደግሞ ዓመታዊው ጣሪያ ሲያልቅ ሕክምናው እንዳይቋረጥ “በስማ” የተባለ የድጋፍ መርሐ ግብር ተዘጋጅቷል። ሥርዓቱ ለከባድ ሕመም ግድ እንደሌለው አድርጎ ማቅረብ ስለዚህ ስህተት ይሆናል።

ችግሩ የሚጀምረው ከትልቁ ወጪ በፊት፣ ሕመሙ ገና ስም ሳይወጣለት ነው። በመሠረታዊው ዕቅድ ደንብ ታካሚው አስቀድሞ ጠቅላላ ሐኪም ካላየ፣ ጠቅላላ ሐኪሙም ምክንያቱን ገልጾ በጤና ባለሥልጣኑ የኤሌክትሮኒክ የሪፈራል ሥርዓት ካልላከው የስፔሻሊስቱን ወጪ መድን ድርጅቱ አይከፍልም። ድንገተኛ ካልሆነ በስተቀር የኤም.አር.አይ፣ የሲ.ቲ. ስካንና የኢንዶስኮፒ ምርመራዎች የመድን ድርጅቱን ቅድመ ፈቃድ ይጠይቃሉ። የፊዚዮቴራፒ ሕክምናም በቅድመ ፈቃድና በተወሰነ ቁጥር ብቻ የሚሰጥ ነው። ሠራተኛዋ ከመድን ድርጅቱ ጋር ውል ባላቸው ክሊኒኮች መረብ ውስጥ መታከም አለባት፤ መረቡም ከሰፊዎቹ ዕቅዶች ይልቅ ጠባብ ነው።

የሪፈራል ሥርዓት በራሱ የሚነቀፍ አይደለም። ጠቅላላ ሐኪምን በር ጠባቂ ማድረግ በብሪታንያም ሆነ በሌሎች አገሮች የተለመደ አሠራር ነው፤ አላስፈላጊ ምርመራን ይቀንሳል፤ ስፔሻሊስቱም በእርግጥ ለሚያስፈልጋቸው እንዲተርፍ ያደርጋል። ልዩነቱ እዚያ ደንቡ ለሕዝቡ በሙሉ አንድ ሲሆን፣ በዱባይ ግን በደመወዝ የሚለይ መሆኑ ነው። የበር ጠባቂነቱ ዓላማ የሕክምና ፍላጎትን መለየት ቢሆን ኖሮ የመሐንዲሱም ወገብ በዚያው በር ባለፈ ነበር።

የመቶኛ ድርሻና የደመወዝ መጠን

በመሠረታዊው ዕቅድ ታካሚው ከተመላላሽ ሕክምና ወጪ 20 በመቶ፣ ከመድኃኒት ዋጋ 30 በመቶ ይጋራል። ተኝቶ ለሚሰጥ ሕክምና የመጋሪያው ጣሪያ በአንድ ጊዜ 500፣ በዓመት 1,000 ድርሃም ነው። ጣሪያው ተኝቶ የሚታከመውን ሲጠብቅ፣ ወደ ስፔሻሊስት የሚወስደው የተመላላሽ ጉዞ ግን በየደረጃው ይከፈልበታል።

ለማስረዳት ያህል የወር ደመወዟ 1,200 ድርሃም የሆነ ሠራተኛ ትታሰብ። የስፔሻሊስት ምክክሩ 300፣ የኤም.አር.አይ ምርመራው 2,000፣ መድኃኒቱ 150 ድርሃም ቢሆን የእርሷ ድርሻ እንደ ቅደም ተከተሉ 60፣ 400 እና 45 ድርሃም ይሆናል። ድምሩ 505 ድርሃም የወር ደመወዟን ከአምስት ሁለት እጅ በላይ ይወስዳል። ተመሳሳይ መቶኛ የሚከፍል የ20,000 ድርሃም ደመወዝተኛ ግን ከወር ገቢው የሚወጣበት 2.5 በመቶ ብቻ ነው። ቁጥሮቹ ለምሳሌ የተወሰዱ ናቸው፤ የሚያሳዩት ስሌት ግን የዕቅዱ ነው። መቶኛው የሚሰላው ከአገልግሎቱ ዋጋ እንጂ ከታካሚው ገቢ አይደለም፤ የአገልግሎቱን ዋጋ የሚወስነውም ከሁሉም የደመወዝ ደረጃ ታካሚዎችን የሚያስተናግደው የከተማዋ ገበያ ነው።

ከደመወዟ የሚበልጠውን ክፍል ለቤተሰቦቿ የምትልክ ሠራተኛ ይህን ስሌት የምትሠራው በዱባይ ዋጋ ብቻ አይደለም። 505 ድርሃም የእናቷ የወር አስቤዛ፣ የወንድሟ የትምህርት ክፍያ ወይም ለጉዞዋ የተበደረችው ገንዘብ መመለሻ ነው። “ትንሽ ልታገሠው” የሚለው ውሳኔ ከዚህ ስሌት የሚወጣ እንጂ ከግዴለሽነት የሚመነጭ አይደለም። መዘግየቱ ለወገብ ሕመም የሥቃይ ጊዜን ማርዘም ሊሆን ይችላል፤ ለጡት እብጠት ግን የሕመሙን ደረጃ ይለውጣል።

ሰዓት፣ አጃቢና አስተርጓሚ

የስፔሻሊስት ሕክምና ጊዜ ይጠይቃል። አንድ ጉዳይ ቢያንስ የጠቅላላ ሐኪም ጉብኝት፣ የስፔሻሊስት ቀጠሮ፣ የምርመራ ቀንና ውጤት የመስማት ቀን አለው፤ አራት መውጫ ማለት ነው። የተባበሩት አረብ ኤምሬቶች የቤት ሠራተኞች ሕግ፣ እ.ኤ.አ. የ2022 ድንጋጌ ቁጥር 9፣ የሳምንት የዕረፍት ቀንና በዓመት እስከ 30 ቀን የሕመም ፈቃድ ይሰጣል፤ አሠሪው የሠራተኛዋን መታወቂያ ሰነዶች ይዞ እንዳያስቀርም ይከለክላል። ሆኖም የሥራ ቦታው የግል መኖሪያ ቤት ነው። የፋብሪካ ሠራተኛ ፈረቃ አለው፤ የቤት ሠራተኛ የሥራ ሰዓት ድንበር ግን ሕፃኑ ሲያለቅስና እንግዳ ሲመጣ ይሸረሸራል። የዕረፍቱ ቀን ዓርብ ወይም እሑድ ቢሆን የስፔሻሊስቱ ክሊኒክ በዚያ ቀን ዝግ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ወደ ሐኪም መሄድ በተግባር ከአሠሪዋ ጋር የሚደረግ ድርድር ይሆናል።

ድርድሩ በክሊኒኩ በርም አያበቃም። ብዙ ጊዜ ሠራተኛዋን የምትወስዳት፣ ካርዷን የምታሳይላትና የምታስተረጉምላት አሠሪዋ ናት፤ በሠራተኞቹ አነጋገር “ማዳም”። በክሊኒኮቹ የሚነገሩት ቋንቋዎች አረብኛ፣ እንግሊዝኛ፣ ኡርዱ፣ ሂንዲ፣ ማላያላምና ታጋሎግ ናቸው፤ አማርኛ፣ ኦሮምኛ ወይም ትግርኛ የሚናገር ባለሙያ ማግኘት የዕድል ጉዳይ ነው። ኢትዮጵያዊቷ በሁለት ዓመት ውስጥ አረብኛ ልትለምድ ትችላለች፤ የምትለምደው ግን የማእድ ቤትና የልጅ አያያዝ አረብኛ ነው። “አምጪ፣ እጠቢ፣ አብስዪ” የሚለውን የሚያስተምር ቤት “ሕመሙ ከየት ተነሥቶ ወዴት ይሄዳል?” ለሚለው የሐኪም ጥያቄ መልስ አያስተምርም።

ከዚህም በላይ የሕመም አገላለጽ ከቋንቋ ወደ ቋንቋ በቀጥታ አይሻገርም። አማርኛ ተናጋሪ “ጨጓራዬን ያቃጥለኛል” ሲል የሚያመለክተው አካል ለአስተርጓሚው “ሆድ” ብቻ ይሆናል። “ውጋት” ከጎን፣ ከደረትና ከጀርባ ሥቃይ የቱን እንደሚያመለክት ያለ ተጨማሪ ጥያቄ አይለይም። “ምች መታኝ” የሚለው ትኩሳትን፣ ራስ ምታትንና የከንፈር ቁስልን በአንድ ምክንያት ያስተሳስራል። “ነርቭ ነው” የሚለው ከእግር መደንዘዝ እስከ ጭንቀት ይዘረጋል። እነዚህን ቃላት የሚያውቅ ሐኪም በጥቂት ጥያቄ ወደ ምክንያቱ ይደርሳል። በሁለተኛ ቋንቋ፣ በሦስተኛ ሰው አፍ የሚሰማቸው ጠቅላላ ሐኪም ግን የሚቀረው ጥቅል መግለጫ ነው፤ ለጥቅል መግለጫም የሚሰጠው የሥቃይ ማስታገሻ ነው። የሪፈራሉ ደንብ ምክንያት እንዲጻፍ እንደሚጠይቅ እዚህ ላይ ማስታወስ ያስፈልጋል። ያልተነገረ ምልክት አይጻፍም፤ ያልተጻፈ ምክንያትም ስፔሻሊስት ዘንድ አያደርስም።

አሠሪዋ ደግ ብትሆን እንኳ አስተርጓሚነቷ ችግር አለበት። የማሕፀን ደም መፍሰስ፣ የአእምሮ ጭንቀት ወይም በቤቱ ውስጥ የደረሰ ጉዳት በአሠሪ ፊት የሚነገሩ ጉዳዮች አይደሉም። የአእምሮ ሕክምና ደግሞ በመሠረታዊው ዕቅድ የመጀመሪያ ዝርዝር ድንገተኛ ካልሆነ በስተቀር ከሽፋን ውጭ ከተደረጉት አንዱ ነበር። ከአገርና ከቤተሰብ መለየት፣ ረጅም የሥራ ሰዓትና ብቸኝነት የሚያስከትሉት ጭንቀት ስለዚህ ብዙ ጊዜ ሐኪም ፊት የሚቀርበው በራስ ምታት፣ በእንቅልፍ ማጣትና በጨጓራ ሕመም ስም ነው።

ምርመራ እንደ ማጣሪያ

ሠራተኛዋ ከሕክምና ጋር መጀመሪያ የምትገናኘው በታመመች ጊዜ አይደለም። ከአገሯ ከመነሣቷ በፊትና ከደረሰች በኋላ የመኖሪያ ፈቃድ ለማግኘት ትመረመራለች። ኤች.አይ.ቪ በደሙ የተገኘበት የውጭ ዜጋ የመኖሪያ ፈቃድ አይሰጠውም፤ ከአገር እንዲወጣ ይደረጋል። የቤት ሠራተኞች በተጨማሪ የጉበት ብግነት “ቢ”፣ የቂጥኝና የእርግዝና ምርመራ ይደረግላቸዋል። የዚህ ምርመራ ዓላማ መታከም የሚገባውን መለየት ሳይሆን መግባት የሚችለውን መለየት ነው።

ይህ የመጀመሪያ ልምድ በኋላ ለሚመጣው ሁሉ ትርጉም ይሰጣል። የደም ናሙና መስጠት ማለት የሥራ ዕድል ማጣት ሊሆን እንደሚችል ያየ ሰው፣ ከዓመት በኋላ ስፔሻሊስት “ተጨማሪ ምርመራ ያስፈልጋል” ሲለው የሚሰማው ተስፋ ብቻ አይደለም። እርግዝናን በተመለከተ ፍርሃቱ የሕግም መሠረት ነበረው። እ.ኤ.አ. በ2021 ወጥቶ በ2022 መጀመሪያ ሥራ ላይ የዋለው አዲሱ የወንጀል ሕግ ደንቡን እስኪያላላው ድረስ ከጋብቻ ውጭ ማርገዝ በወንጀል ያስጠይቅ ነበር። በዚያ ጊዜ የቅድመ ወሊድ ክትትል ላላገባች ሴት ራስን ማጋለጥ ነበር። ሕጉ ቢለወጥም በሠራተኞች መካከል ከአፍ ወደ አፍ የሚተላለፈው ማስጠንቀቂያ ከሕጉ ጋር እኩል ፍጥነት አይለወጥም።

ስድስቱ ወራት

የቤት ሠራተኛ የሙከራ ጊዜ ስድስት ወር ነው። በዚህ ጊዜ ሠራተኛዋ በጤና ምክንያት ሥራውን መሥራት የማትችል ሆና ከተገኘች ቀጣሪ ኤጀንሲው የምልመላውን ወጪ ለአሠሪው የመመለስ ግዴታ አለበት። በሌላ በኩል በመሠረታዊው የመድን ዕቅድ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚመዘገብ ሰው ቀድሞ የነበረ ወይም ሥር የሰደደ ሕመም ካለበት፣ ድንገተኛ ካልሆነ በስተቀር፣ እስከ ስድስት ወር የጥበቃ ጊዜ ሊኖርበት ይችላል።

ሁለቱ ደንቦች የወጡት በተለያየ ዓላማ ነው። የመጀመሪያው አሠሪውን ከኪሳራ፣ ሁለተኛው የመድን ቋቱን ታሞ ከሚገባ ሰው ይጠብቃል። አንድ ላይ ሲነበቡ ግን ያልታሰበ ውጤት ይፈጥራሉ። መድኑ ሥር የሰደደውን ሕመም የማይከፍልበት ወቅትና አሠሪው የታመመችውን ሠራተኛ ያለ ኪሳራ መመለስ የሚችልበት ወቅት በአብዛኛው ይገጥማሉ። በሦስተኛው ወር ስኳር ሕመም ወይም የዕንቅርት እብጠት የተገኘባት ሠራተኛ ለአሠሪዋ በሕግ ዓይን መታከም የሚገባት ሰው ናት፤ በገንዘብ ስሌት ግን መመለሷ ከመታከሟ ይቀላል። እርሷም ይህን ስለምታውቅ ስድስቱ ወራት እስኪያልፉ ሕመሟን ትደብቃለች። የስፔሻሊስት ሕክምና ቀድሞ መጀመሩ ከሁሉ በላይ በሚጠቅምበት ጊዜ ሥርዓቱ ዝምታን ይሸልማል።

ሥራ ሲቋረጥ

መድኑ ከመኖሪያ ፈቃዱ፣ ፈቃዱ ከአሠሪው ጋር የታሰረ በመሆኑ ሥራ ሲቋረጥ ሦስቱም ተያይዘው ይቋረጣሉ። አዲስ አሠሪ ያገኘ ሰው ቀድሞ ያለማቋረጥ መድን እንደነበረው በማሳየት ሽፋኑን ሊቀጥል ይችላል። ከቤት ሸሽታለች ተብሎ ሪፖርት የተደረገባት ግን ሕጋዊ ነዋሪነቷን ታጣለች፤ ከዚያ በኋላ የሚቀራት የድንገተኛ ሕክምና ብቻ ነው። ድንገተኛ ክፍል ሕይወትን ያተርፋል እንጂ ኬሞቴራፒ አይሰጥም፤ የኩላሊት እጥበት ቋሚ መርሐ ግብርም አይዝም። እ.ኤ.አ. በ2018 እና በ2024 የወጡት የምሕረት ጊዜያት ሰነድ ለሌላቸው ነዋሪዎች ያለ ቅጣት ሕጋዊ ለመሆን ወይም ለመውጣት በር ከፍተዋል። ምሕረት ግን ወቅታዊ ነው፤ ሕመም ወቅት አይጠብቅም።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2013 ወደ መካከለኛው ምሥራቅ የሚደረገውን የሥራ ስምሪት አግዳ ነበር፤ እገዳውም እስከ 2018 ቆየ። በእነዚያ ዓመታት ብዙዎች በጉብኝት ቪዛና በሌሎች መንገዶች ሄደዋል። የዱባይ የመድን ግዴታ በደረጃ የተተገበረው በዚሁ ጊዜ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። መድኑ ሕጋዊ ስፖንሰር ላለው ብቻ የሚደርስ በመሆኑ፣ በአገር ቤት የወጣው እገዳ በሌላው አገር ከተከፈተው የሕክምና በር ውጭ የቀሩ ሠራተኞች እንዲበዙ አስተዋጽኦ አድርጓል። በኋላ የወጣው የውጭ አገር የሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ስምሪቱን ከተቀባይ አገሮች ጋር በሚደረግ የሁለትዮሽ ስምምነት ላይ መመሥረቱ ከዚህ አንጻር የጤናም ጉዳይ ነው።

ሕክምናዋ ሳያልቅ የምትመለስ ሠራተኛ ጉዳይዋን ይዛ ትመለሳለች። አዲስ አበባ ስትደርስ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የካንሰር ክፍል ወይም ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ከተላከች የሚጠብቃት ሐኪም የሚጠይቀው የመጀመሪያ ነገር የቀድሞ የምርመራ ውጤት ነው። የዱባይ ክሊኒኮች “ናቢድ” በተባለው የጤና መረጃ መለዋወጫ መረብ ፋይል ይጋራሉ፤ መረቡ ግን ድንበር አይሻገርም። ውጤቷን በወረቀት ወይም በስልኳ ያልያዘች ታካሚ ባዮፕሲውን እንደገና ትጀምራለች፤ ወጪውም፣ የሚባክነው ጊዜም እንደገና ይቆጠራል።

ለጥናትና ለአሠራር ያለው አንድምታ

ከዚህ ትንታኔ የሚወጣው የመጀመሪያ ነጥብ የመለኪያ ጉዳይ ነው። የተደራሽነት ጥናቶች ብዙ ጊዜ የሚቆጥሩት የመድን ሽፋን ያለውን ሕዝብ መቶኛ ነው። በዱባይ ይህ ቁጥር የሕጉን ስኬት ያሳያል፤ ከካርዱ በኋላ ያለውን መንገድ ግን አያሳይም። የተሻለው መለኪያ የተጠናቀቀ ሪፈራል ነው፦ ጠቅላላ ሐኪም ዘንድ ከቀረቡት ስንቱ ተላኩ፣ ከተላኩት ስንቱ ስፔሻሊስቱን አዩ፣ ካዩት ስንቱ የታዘዘውን ምርመራ አደረጉ፣ ስንቱስ ለውጤቱ ተመለሱ? ሪፈራሉ በኤሌክትሮኒክ ሥርዓት የሚያልፍ በመሆኑ እነዚህን አራት ደረጃዎች በዕቅድ ዓይነት፣ በጾታና በሥራ ዘርፍ ለይቶ ማጥናት በመርሕ ደረጃ የሚቻል ነው።

ሁለተኛው፣ የጥናቱ ክልል ከክሊኒኩ ውጭ መጀመር እንዳለበት ነው። በክሊኒክ በር ላይ የሚደረግ መጠይቅ ከቤት መውጣት የቻሉትን ብቻ ያገኛል። ያልመጡትን ለማግኘት ተመላሾችን በአገር ቤት ማነጋገር፣ የአብያተ ክርስቲያናትን፣ የመስጊዶችንና የዕድሮችን ግንኙነት መጠቀም ያስፈልጋል። ለኢትዮጵያ ተመራማሪዎች ይህ የተሻለ ዕድል ያለበት መስክ ነው፤ ተመላሿ በአገሯና በቋንቋዋ፣ ያለ አሠሪ ፊት ትናገራለችና።

ሦስተኛው፣ ትልቅ ሕግ ሳይለወጥ ሊደረጉ የሚችሉ ነገሮች መኖራቸው ነው። የቅድመ ጉዞ ሥልጠና የመድን መረብን፣ የሪፈራልን ቅደም ተከተልና የሕመም ፈቃድ መብትን ከቤት አያያዝ ትምህርት ጎን ሊያስተምር ይችላል። ሕመምን የሚገልጹ መሠረታዊ ቃላት በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛና በአረብኛ ጎን ለጎን የተጻፉበት አንዲት ገጽ ሐኪሙንም ታካሚዋንም ትረዳለች። የስልክ አስተርጓሚ አሠሪዋን ከምርመራ ክፍሉ ውጭ ለማቆየት የሚያስችል ቀላል መንገድ ነው። ሠራተኛዋ የምርመራ ውጤቷን ቅጂ በእጇ መያዝ እንዳለባት ማወቋም አንድ ባዮፕሲ ያድናል።

ማጠቃለያ

የዱባይ የግዴታ መድን ከዚህ ቀደም ምንም ሽፋን ላልነበረው ሠራተኛ እውነተኛ ጥቅም ሰጥቷል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ነገር ግን መድኑ የተሠራው በአንድ አሠሪ፣ በአንድ ፈቃድና በአንድ ዓመት ልክ ነው። ስፔሻሊስት የሚፈልገው ሕመም ደግሞ ከእነዚህ ከሦስቱም ይረዝማል። ሕመሙ ከአሠሪ ወደ አሠሪ፣ ከፈቃድ ወደ ፈቃድ፣ አንዳንዴም ከአገር ወደ አገር ይሸጋገራል፤ ሽፋኑ ግን በየድንበሩ ይቆማል። ተደራሽነትን ማሻሻል ማለት ስለዚህ ተጨማሪ ስፔሻሊስት መቅጠር ወይም ተጨማሪ ካርድ ማደል ብቻ ሳይሆን፣ ሽፋኑ ሕመሙን እንጂ አሠሪውን እንዳይከተል ማድረግ ነው።